ሰፈራችን ሐይቅ ያበቀለ ጊዜ

ወንድሜ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እሱ ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን ካወቃችሁ ስለ እሱ አብዛኛውን አወቃችሁ ማለት ነው። የቀረው ቁመቱ ነው፤ እሱን ደግሞ የቤታችን መቃን በደንብ ያውቀዋል፣ በየቀኑ ግንባር ለግንባር ይገናኛሉና።

አንድ ማለዳ መንገዳችን ላይ ዋናው ቧንቧ ፈነዳ። ውኃው ከባለ ሱቋ ደጃፍ እስከ ፀጉር አስተካካዩ ደረጃ ድረስ መንገዱን አቡክቶ ጭቃ አደረገው። የሰፈሩ ሰው በየደረጃው ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ውሻ እንኳ በርሜል ላይ ወጣ። ወንድሜ የሱሪውን አንድ እግር እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። ሁለተኛውን አይጠቀልልም። ለምን ሲሉት «አንዱ ይበቃል» ይላል፣ ለምን እንደሚበቃ ግን አስረድቶ አያውቅም። ከዚያ ፀጉሩ እንዳይርስ ከባለ ሱቋ የተቀበለውን ፌስታል ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ገባበት።

ያቺ መኪና የመጣችው ይኼኔ ነው። ጣራዋ ላይ ኳስ የሚመስል ካሜራ የተሸከመች፣ መንገድ ለመንገድ ፎቶ እያነሳች ለስልክ ካርታ የምታቀብል መኪና። ጭቃውን እየቀዘፈች አለፈች። ብዙም ሳይቆይ መንገዳችን ስልክ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው የትም ተቀምጦ የመንገዳችንን ስም ሲነካ የሚያየው ይኼ ሆነ፦ ጭቃ፣ በርሜል ላይ የወጣ ውሻ፣ ደረጃ ላይ ቆመው የሚስቁ ሰዎች፣ መሐል ላይ ደግሞ ፌስታል የደፋ ረጅም ሰው። ማሽኑ የሰው ፊት ስለሚያደበዝዝ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። የውሻውን ፊት ግን እንዳለ ትቶታል፤ ውሻው አሁን ከሁላችንም በላይ ታዋቂ ነው።

እኛ ስቀን ረሳነው። ያልረሱት የፋርማሲስቷ አባት ናቸው።

ፋርማሲስቷ ወንድሜ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ ናት። መንገዳችን ጥግ ላይ ባለው መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የተዋወቁት የመድኃኒት ቤቱ የእጅ መታጠቢያ ተደፍኖ ነው፤ ከዚያ በኋላ መታጠቢያው በወር ስንት ጊዜ እንደሚደፈን ሰፈሩ ሁሉ እያየ ዝም ብሏል። አባቷ የሚኖሩት በሌላ ከተማ ነው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በሬዲዮ የአየር ሁኔታ ያነቡ ነበር። ድምፃቸውን የማያውቅ የለም፣ ትንበያቸውንም እንደዚያው። «ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፀሐያማ ይሆናል» ሲሉ እናቴ ተነስታ ልብሱን ከገመድ ላይ ታወርድ ነበር። ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም «ከፊል ደመና» ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወደ ቤታችን መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባዬ ሰፈራችሁን አየው» አለች።

«ውይ! መቼ መጡ?» አለች እናቴ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

«አልመጣም። በስልክ ነው ያየው።»

«እና ምን አሉ?»

«“ጭቃ ነው። ውሻው የሚኖረው በርሜል ላይ ነው። ሰዉ ሥራ ፈት ነው። ደግሞ አንድ ፌስታል የደፋ እብድ መሐል መንገድ ላይ ተገትሯል። እንዲህ ያለ ቦታ ልጄን አልድርም” አለኝ።»

እናቴ እጇን መጥረጓን ተወች።

«እብዱ…» አለች እናቴ ቀስ ብላ፣ «ማን ነው?»

ሁላችንም ወንድሜን አየነው። ወንድሜ ጣራውን አየ፤ ለእሱ ቅርብ ነው።

«እሱ መሆኑን ነገርሻቸው?»

«እንዴት ብዬ ነው የምነግረው እማማ? “አባዬ፣ የማገባው እብዱን ነው” ልበለው?»

«እውነቷን ነው፣ ሲሰሙት አያምርም» አለ አጎቴ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ መንገዳችን ላይ ፎቶ ቤት አለው፣ እኔም እሱ ጋር ነው የምሠራው። ሰው ሲያዝን «ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ፈገግ» ማለት ስለለመደ ለቅሶ ቤት ይዘነው አንሄድም።

«ይምጡና በዓይናቸው ይዩአ!» አለች እናቴ።

«“አይቼው የለ እንዴ፣ ምን ያመጣኛል” ይላል። ጭቃው የአንድ ቀን ነው፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው ብዬው ነበር። “የወደደ ሰው ምስክር አይሆንም” አለኝ። አባዬ የሰማውን አያምንም። ዕድሜውን ሙሉ ያላየውን ሲያወራ ስለኖረ አሁን ያየውን ብቻ ነው የሚያምነው።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታትና ማሰር ጀመረ። ሲከፋው እንዲህ ነው፤ እጁ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል።

እኔ ከሰው ይልቅ ከካርታ ጋር የማመሽ ሰው ነኝ። ያልረገጥኳቸውን ከተሞች በጣቴ ዞሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ጋ ዳቦ ቤቱ ከየትኛው ማዕዘን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ስለዚህ የዚያን ካርታ ጠባይ አውቃለሁ፤ አዳዲስ ፎቶ ሲጨመርለት አሮጌውን ወደ ታች ይገፋዋል።

«ጭቃውን ማጥፋት አንችልም፣ መቅበር ግን እንችላለን» አልኩ። «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያማረ ያማረ ፎቶውን ካርታው ላይ ካወጣ፣ የጭቃው ፎቶ ከታች ይቀራል። እሳቸው መንገዱን ሲነኩ የሚያዩት የሰውን ቁንጅና ይሆናል።»

እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ በፊት ለስልክ ስትል ስማኝ አታውቅም።

ቤት ለቤት ዞርኩ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ተናገርኩ፤ «ፎቶው እዚሁ መንገዳችን ላይ የተነሳ መሆን አለበት፣ ውሸት አንፈልግም።»

«ሌላ የት እንነሳለን ብለህ ነው?» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ። ከሳጥኑ ሥር ያወጣት ፎቶ ፀጉር በነበረው ጊዜ የተነሳት ናት። ባለ ሱቋ የልጆቿን ሰጠችኝ፤ ሕፃን ሆነው፣ ትንሽ አድገው፣ ከዚያም ተመርቀው። አናጢው መጀመሪያ «እኔ መልኬን አልሸጥም» አለ፣ ኋላ ግን ክራባት አድርጎ የተነሳውን አመጣ። አንዷ ከነባሏ፣ አንዱ ከነብስክሌቱ። እኔ አንድ በአንድ ወደ ስልኬ አስገብቼ ካርታው ላይ አወጣኋቸው። ጭቃው ወደ ታች ሄደ፣ ሄደ፣ ከዓይን ጠፋ።

ያላየሁት ነገር ከሰዎቹ ኋላ ያለው ነው።

የሰፈራችን ሰው ያማረ ፎቶ የሚነሳው አጎቴ ቤት ነው፣ አጎቴ ቤት ደግሞ አንድ ሸራ ብቻ ነው ያለው። ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ከግድግዳ በተረፈ ቀለም ራሱ የሣለው ነው፤ ሐይቅ። አጎቴ ሐይቅ አይቶ አያውቅም። «ውኃ ስለሆነ ሰማያዊ ነው፣ ሐይቅ ስለሆነ ዳር አለው፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?» ይላል። ዳሩ ላይ ሣር አለ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አንዲት ዳክዬ። ዳክዬዋ ስትታይ ውኃ የወሰደው ነጠላ ጫማ ትመስላለች። እኔ ይህን ሸራ ጠዋት እዘረጋዋለሁ፣ ማታ እጠቀልለዋለሁ፤ ካየሁት ግን ብዙ ጊዜዬ ነው። ከሰው ኋላ ያለውን ማን ያያል?

ማሽን ያያል። ማሽን ሰው አያውቅም፣ ዘመድ የለውም። እሱ ያየው ከአንድ መንገድ ላይ የመጡ ብዙ ፎቶዎችን፣ በሁሉም ላይ ደግሞ ሐይቅ ነው። ተጠራጥሮ መሰለኝ ከሰማይ የተነሳውን የሳተላይት ፎቶም አገላበጠ። እዚያም በአናጢው ግቢ ላይ ሰፊ ሰማያዊ ነገር አገኘ። አናጢው ጣውላው ዝናብ እንዳይመታው የዘረጋው ላስቲክ ነው። አንድ ምስክር ከመሬት፣ አንድ ምስክር ከሰማይ፤ ሁለቱ ቃላቸው ገጠመ። አንድ ጠዋት ስልኬን ስከፍት የአናጢው ግቢ ሰማያዊ ሆኖ፣ ላዩ ላይ «ፈገግ ሐይቅ» ተብሎ ተጽፏል።

የአጎቴ ፎቶ ቤት ስሙ «ፈገግ ፎቶ» ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ በቀይ ያትምበታል።

አጎቴን ሳሳየው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «በዚህ ዕድሜዬ» አለ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ሥዕሌ መሬት ሆነልኝ!»

አናጢው ግን አልተደሰተም። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ትከሻው ላይ አድርጎ በሩን አንኳኳ።

«ሐይቁ በየት ነው የሚገባው?»

«የምን ሐይቅ?»

«ይኸው፣ ካርታው በርህ ላይ ነው የሚለው።»

«እኔ ቤት ያለው ጣውላ ነው! ካርታህን ይዘህ ጥፋልኝ!»

«ታዲያ ጀልባ ታከራያለህ ማለት ነው?»

የዘንጉ ባለቤት እየሮጠ ሲሄድ እኛ ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ ሆነን አየነው። ማታውን ሐይቁ አስተያየት ተጽፎለት አገኘሁ፤ «ውብ ቦታ ነው፣ ጥበቃው ግን ተሳዳቢ ነው» ይላል። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቶታል።

ይህ ሁሉ ገና እያሳቀን ሳለ ፋርማሲስቷ ስልኳን ዘርግታ መጣች። አባቷ መስመር ላይ ነበሩ፣ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው፤ ያ ወፍራም፣ ልክ ከዜና በኋላ የሚመጣው ድምፅ።

«ሐይቅ እንዳላቸው ለምን አልነገርሽኝም ልጄ? የዚያን ከተማ እርጥበት ስንት ዘመን ሳነብ ኖሬያለሁ፣ አንድም ቀን ሐይቅ የሚያስጠረጥር ቁጥር አልሰጡኝም። ይኼማ መታየት አለበት። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«ጭቃውን ሸሸን፣ ባሕር ውስጥ ገባን» አለች እናቴ።

ሐይቁን ለማጥፋት ሞከርኩ። «እዚህ ቦታ ሐይቅ የለም፣ እኔ እዚሁ ነው የምኖረው» ብዬ ለካርታው ጻፍኩ። መልስ መጣልኝ፤ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ያለን መረጃ ግን ሐይቁ መኖሩን ያረጋግጣል።»

«እኔ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» አለ ወንድሜ።

«ምን ብለህ?» አለች እናቴ። «“ሐይቁ ውሸት ነው፣ እብዱ እኔ ነኝ” ብለህ? እስካሁን እብድ ብቻ ነበርክ፣ ውሸታም ልትጨምርበት ነው?»

«ባልጠየቁህ ጊዜ ዝም በል፤ ሲጠይቁህ ደግሞ አሳልህ» አለ አጎቴ። «ቁጭ ብለህ ሻይ መጠጣት ነው ሥራህ።»

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የወንድሜን መፍቻዎች ሁሉ ሰብስባ አልጋ ሥር አስገባች፤ መፍቻ ካየ እጁን እንደሚበላው ታውቃለች። ከፎቶ ቤቱ ደግሞ ኮትና ክራባቱን አስመጣችለት። ፎቶ ቤታችን አንድ ኮትና አንድ ክራባት አለው፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተነስቶባቸዋል። የኮቱ እጅጌ የወንድሜ ክርን ላይ ቀረ።

እኔና ፋርማሲስቷ ልንቀበላቸው አውቶቡስ ተራ ሄድን። እኔ ድምፃቸውን በሬዲዮ ስሰማ ግዙፍ ሰው አድርጌ ሥያቸው ነበር፤ ከአውቶቡስ የወረዱት ግን ኮፍያቸው የሚከብዳቸው የሚመስሉ ደቃቃ ሽማግሌ ናቸው። በአንድ እጃቸው ታጣፊ ወንበር ይዘዋል።

«ሐይቅ ዳር ልቀመጥበት ነው» አሉኝና ወንበሩን አሸከሙኝ። እንደዚያ ካለ ደረት እንደዚያ ያለ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ማየት ፈልጌ ኋላ ኋላ ተከተልኳቸው።

ሰፈራችን ይወደናል። ችግሩ ይኼ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሊያግዘን ለብቻው አስቦ፣ ከማንም ሳይማከር ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

«እንደምን አደሩ» አሉት ፀጉር አስተካካዩን። «ሐይቁ በየት ነው?»

«ውይ ጋሼ፣ ዘንድሮ ደረቀ እኮ! ሙቀቱ ነዋ!»

«ሙቀቱ? ስንት ዲግሪ ቢደርስ ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ሰማዩን አየ። «ብዙ» አለ።

ባለ ሱቋ ሳይጠይቋት ከባንኮኒው ወጣች። «ሐይቁን ፈልገው ነው አይደል? ለእድሳት ተዘግቷል የኔ ጌታ።»

«ሐይቅ ይታደሳል?»

«ዳር ዳሩን።»

አናጢው በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ነበር የቆመው። «የግል ይዞታ ነው» አለ ገና ሳይደርሱበት። «መግባት ክልክል ነው። ዓሣም የለም።»

አባቷ «እህ» አሉ። ፋርማሲስቷ እጄን ቆነጠጠችኝ፣ እኔ ምን ላድርግ።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። እናቴ ሻይና ዳቦ አቀረበች፣ አጎቴ «ትንሽ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ይበሉ» አላቸው። ወንድሜ ኮቱ ውስጥ እንደተቀቀለ ሰው ተወጥሮ ተቀምጧል። አባቷ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ሐይቃችሁ» አሉ በዚያ ድምፅ፣ «ደርቋል፣ እየታደሰ ነው፣ ደግሞም የግል ነው። ቤታችሁ እስክደርስ ሐይቁ ሦስት ሆነብኝ። ከእናንተ አራተኛ እጠብቃለሁ።»

አጎቴ አሳለ። እናቴ አሳለች። እኔም ሳል ሳል አለኝ። ወንድሜ አፉን ከፈተ፣ ግን ከመናገሩ በፊት ከግቢው አንድ ነገር ሰማን።

ጠብ። ጠብ።

የግቢያችን ቧንቧ ነው። እናቴ ጠዋት ለሻይ ስትቀዳ አልዘጋ ብሏት፣ የሚጠብቅበት መፍቻ ደግሞ አልጋ ሥር ነበር። ጠብ ባለ ቁጥር የወንድሜ ትከሻ ይነጥራል። ጠብ። አባቷ ወንድሜን አዩት። ጠብ። ወንድሜ ክራባቱን ላላ አደረገ። ከዚያ ጠብታው ቆመ፤ ሁላችንም ተነፈስን፤ ከዚያ የቧንቧው ራስ ተስፈንጥሮ ወጣና የአጥራችንን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ መታው።

«ልጄ፣ ተው!» አለች እናቴ።

ወንድሜ የለም። መቃኑን በግንባሩ ሰላም ብሎ ወጥቷል። ኮቱን ጣለ፣ የሱሪውን አንድ እግር እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፣ ዳቦው የመጣበትን ፌስታል ከጠረጴዛ ላይ መቼ እንዳነሳው እንጃ፣ ጭንቅላቱ ላይ ደፋው። ውኃው እስከ ጣራ ይረጫል፣ ግቢው ወዲያው ጨቀየ። እኛ ተከትለን ወጣንና ደረጃው ላይ ቆምን። ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶች ከበሩ ገብተው አጠገባችን ተደረደሩ፣ ፀጉር አስተካካዩ መሳቅ ጀመረ። ያ ታዋቂ ውሻም ከኋላቸው ገብቶ ዙሪያውን አየና እንጨት መፍለጫው ጉቶ ላይ ወጣ።

ፎቶው በሙሉ ተነስቶ ግቢያችን መጣ። ጭቃው፣ ውሻው፣ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚስቀው ሰው፣ መሐል ላይ ፌስታሉ። አባቷ ስልካቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ አየሁ። ስልኩን አዩ፣ የወንድሜን እግር አዩ፣ ስልኩን አዩ። እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፋርማሲስቷ «አለቀ» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች።

ወንድሜ በሁለት እጁ ውኃውን አፍኖ ይዟል፣ ፌስታሉ ዓይኑ ላይ ወርዶበት ምንም አያይም።

«ደረጃ ላይ ያለኸው!» ብሎ ጮኸ። «ቆመህ ከምትስቅ ና ይህን ያዝልኝ!»

ቅርብ የነበሩት አባቷ ናቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ለልጃቸው ሰጡ፣ በተወለወለ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ።

«የቱን?» አሉ።

ወንድሜ ድምፁን ሲሰማ ደነገጠ፤ የዚያን ድምፅ ባለቤት የማያውቅ የለም። ግን እጁን አለቀቀም። «እ… ይቺን ጋሼ። በአውራ ጣትዎ። ጠበቅ ያድርጉ።»

ያዙ። ውኃው በጣታቸው መሐል ፊታቸው ላይ ይረጫል፣ እሳቸው ግን ወሬ ጀመሩ።

«ፊቱን አደብዝዘውታል» አሉ። «ቅልጥሙን ግን ረስተውታል። ያ እብድ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እብድ ግን አይደለሁም፣ ፀጉሬ እንዳይርስ ነው።»

«መኪናዋ ስታነሳህ አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ሰው እንዴት ፌስታሉን እንኳ አያወልቅም?»

«በምን እጄ ጋሼ? አንዱን ብለቅ ውኃው ባለ ሱቋ ቤት ይገባ ነበር። ዱቄቷ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው።»

«እነዚያ ደረጃ ላይ ያሉትስ?»

«ይስቁ ነበር።»

«ሐይቁስ?»

ከደረጃው በኩል የብዙ ሰው ሳል ተሰማ።

«ሐይቁ ሸራ ነው ጋሼ» አለ ወንድሜ። «አጎቴ የሣለው። ሁላችንም እዚያ ፊት ነው ፎቶ የምንነሳው። ልንዋሽዎ ብለን አይደለም፣ የጭቃውን ለመሸፈን ብለን ነው… ያው ውሸት ነው መሰለኝ። መፍቻው አልጋ ሥር ነው፣ አንድ ሰው ያምጣልኝ።»

እናቴ ራሷ ሮጣ አመጣችው።

ቧንቧው ተዘጋ። አባቷ ከጢማቸው ላይ ውኃ ጨመቁ። ማንም አልሳቀም፤ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ከንፈሩን ነክሷል።

«ዳክዬዋን አሳዩኝ» አሉ።

«ምን?»

«አንድ ልጅ ሕፃን ሆኖ ተነስቷል፣ ዳክዬዋ እዚያው ናት። ያው ልጅ ተመርቋል፣ ዳክዬዋ አንድ ስንዝር አልዋኘችም። ክራባቱስ? አንድ ክራባት በስንት አንገት ዞረ! ሐይቅ እንደሌለ እቤቴ ሆኜ ነው ያወቅሁት። የመጣሁት ያቺን ዳክዬ ላያት ነው። ዳክዬ ናት ግን?»

«ዳክዬ ናት» አለ አጎቴ ቆጣ ብሎ።

ጭቃችንን እየጎተትን ሁላችንም ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድን። ሸራውን ዘረጋሁት። አባቷ ጠጋ ብለው ዳክዬዋን በጣታቸው ነካ አደረጓት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ሐይቁን ጀርባ ሰጥተው ቆሙና ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«እኔ ሬዲዮ ላይ ነው የሠራሁት» አሉ። «የቴሌቪዥኖቹ ከኋላቸው ካርታ ነበራቸው፣ በዘንግ ያመለክቱ ነበር። እኔ ፊት ለፊቴ የነበረው ግድግዳ ነው። አንድ ዘንግ ብትሰጡኝ?»

አጎቴ የመብራቱን መቆሚያ ነቅሎ ሰጣቸው። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቀጠሉም፦

«የሚቀጥሉት ወራት የአየር ትንበያ። ከዚህ፣ ከዳክዬዋ በስተ ምሥራቅ ተነስቶ ወደ መድኃኒት ቤቱ አቅጣጫ የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ ይኖራል። ሁለቱ ቤተሰቦች ይገናኛሉ። በልጄና ፌስታል በደፋው ወጣት ላይ ረጅም፣ ፀሐያማ ደስታ ይጠበቃል።»

ፋርማሲስቷ አባቷ አንገት ላይ ልትጠመጠም ስትሮጥ እናቴ መንገድ ላይ ያዘቻት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ተዉ እንጂ ጌታዬ!» አለች። «ምነው በልጆቹ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይተነብያሉ? እርስዎ ያሉት ሆኖ ያውቃል?»

አባቷ እናቴን ትኩር ብለው አዩዋት። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ያ ደቃቃ ደረት ያንን ሁሉ ሳቅ የት ደብቆት እንደኖረ እንጃ። እስኪበቃቸው ሳቁና ዘንጉን እንደገና አነሱ።

«ይቅርታ፣ እርማት አለን» አሉ። «በሁለቱ ላይ ከባድ ማዕበል፣ በረዶ የቀላቀለ ጭቅጭቅ፣ ከዚያም የማያባራ ደመና ይጠበቃል።»

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ሰፈሩ አጨበጨበ፣ ውሻው ጮኸ፣ አጎቴ «ትንሽ ጠጋ ጠጋ፣ ፈገግ!» ብሎ አነሳን። ወንድሜ መሐል ላይ ነው፣ አንድ እግሩ ተጠቅልሏል። አባቷ አጠገቡ በታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሐይቅ ዳር እቀመጥበታለሁ ብለው አልነበር።

«ይህችንም ካርታው ላይ አውጣት» አሉኝ ሲነሱ። «የጭቃዋን ደግሞ ከሥር ጎትተህ ከላይ አድርጋት። ሐይቅማ የትም አለ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በማግሥቱ ካርታውን ስከፍት ፈገግ ሐይቅ ሰፍቶ፣ ሰማያዊው እስከ መድኃኒት ቤቱ በር ደርሷል።